የሎሚ እናት፦ የቢያሶንግ ዛፍ በዕፅዋት አመዳደብ ታሪክ

መግቢያ

ሎሚ የማይገባበት ቤት በሀገራችን እጅግ ጥቂት ነው። የዶሮ ብልት ታጥቦ የሚጠራው በሎሚ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚጠጣው ሻይ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ በጥምቀት በዓል ጎረምሳው ለወደዳት ልጃገረድ የሚወረውረውም ሎሚ ነው። ይህን ያህል የምንቀርበው ፍሬ ከማን እንደተወለደ ግን በትክክል የታወቀው በቅርብ ጊዜ ነው። አባቱ እኛው የምናውቀው ትርንጎ ሲሆን፣ እናቱ በፊሊፒንስ ደሴቶች የሚበቅል፣ ከዚያ አካባቢ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ሰው የማይበዛ፣ ፍሬውም እንደ ብርቱካን ተልጦ የማይበላ አንድ ዛፍ ነው። የአገሩ ሰዎች ቢያሶንግ ይሉታል፤ የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ደግሞ ሲትሩስ ሚክራንታ ብለው ሰይመውታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቢያሶንግ በዕፅዋት አመዳደብ ታሪክ ውስጥ የት እንደተመደበ፣ ከልጁ ከሎሚ ጋር በምን ምክንያት ተለያይቶ እንደኖረና በምን ማስረጃ እንደተገናኘ ማስረዳት ነው። ጉዳዩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአንድን ተክል ዘመዶች አለማወቅ ተክሉ በበሽታ በተጠቃ ጊዜ መድኃኒቱን ከየት እንደሚፈልጉ አለማወቅ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

ወገንና ዝርያ

እንደሚታወቀው በሳይንስ አሰያየም እያንዳንዱ ተክል ሁለት የላቲን ስሞች አሉት። የመጀመሪያው ስም ተክሉ የሚመደብበት ወገን ሲሆን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ለይቶ የሚያሳውቅ ነው። በእኛ ልማድ የራስ ስም ይቀድምና የአባት ስም ይከተላል፤ በዕፅዋት አሰያየም ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ የቤቱ ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል። ትርንጎ ሲትሩስ ሜዲካ ሲባል፣ ሲትሩስ የቤቱ ስም፣ ሜዲካ ደግሞ የራሱ መጠሪያ ነው።

ወገኖች ተሰባስበው ቤተሰብ ይሆናሉ። የሎሚና የብርቱካን ቤተሰብ በላቲን ሩታሴ ይባላል፤ ይህም ስም የተወሰደው ሩታ ከተባለው ወገን፣ ማለትም ከጤና አዳም ነው። እንግዲህ በየጓሮአችን የሚበቅለው ጤና አዳም ለዚህ ታላቅ ቤተሰብ ስሙን የሰጠ ተክል ነው ማለት ነው። ለጥርስ መፋቂያ የሚቆረጠው ልምጭም የዚሁ ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ ከጤና አዳም ይልቅ ለሎሚ የቀረበ ዘመድ ነው። የቤተሰቡ ዋና ምልክት በቅጠሉ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ ለሚያየው ሰው ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች መስለው ይታያሉ፤ በእጅ ሲታሽም መዓዛው የሚወጣው ከእነዚሁ ነው።

ይህን የሁለት ስም ሥርዓት ያጸናው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ባሳተመው መጽሐፉ ነው። ሊኔየስ በዚያ መጽሐፍ በሲትሩስ ወገን ውስጥ ሁለት ዝርያዎችን ብቻ ዘረዘረ፤ እነርሱም ትርንጎና ኮምጣጣው ብርቱካን ናቸው። ሞላላና ወፍራም ልጣጭ ያለውን የአውሮፓ ሎሚ የትርንጎ ዓይነት አድርጎ ቈጠረው፤ ጣፋጩንም ብርቱካን ከኮምጣጣው ብርቱካን ሥር አስገባው። እዚህ ላይ ሁለቱን ሎሚዎች መለየት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ሎሚ የምንለው ትንሽ፣ ክብ፣ ስስ ልጣጭና ብዙ ጭማቂ ያለውን የሀገራችንን ሎሚ ነው። ይህ ሎሚ ዛሬ ለሚታወቅበት ሳይንሳዊ ስም መነሻ የሆነውን መጠሪያ ያገኘው በ1777 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተመዘገበው ሊሞኒያ በተባለ ሌላ ወገን ሥር ነበር። በዚያ ስሙ ወደ ሲትሩስ ወገን የተዛወረው በ1913 በአሜሪካዊው ሊቅ በዋልተር ስዊንግል ነው።

ከአጥር ውጭ የቀሩት ዛፎች

አውሮፓውያን ሊቃውንት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች የሚበቅሉትን ዛፎች እየመረመሩ በሄዱ ቁጥር ለአመዳደብ የሚያስቸግሩ የሎሚ ዘመዶች ይገጥሟቸው ጀመር። የእነዚህ ዛፎች ሽታና አበባ የሲትሩስ ነው፤ ቅጠላቸው ግን እንግዳ ነው። የቅጠሉ አንገት በግራና በቀኝ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ሁለተኛ ቅጠል ይመስላል፤ ስለዚህም አንዱ ቅጠል በወገቡ ታስሮ ለሁለት የተከፈለ ሆኖ ይታያል። በፍሬያቸው ውስጥ ጭማቂ የቋጠሩት ከረጢቶች ደግሞ አፍን የሚያቃጥል መራራ ዘይት ስላለባቸው ፍሬው እንደ ብርቱካን ሊበላ አይችልም። ከእነዚህ አንዱን ስዊሳዊው ደ ካንዶል በ1813 ሲትሩስ ሂስትሪክስ ብሎ በሲትሩስ ወገን ውስጥ ሰየመው። በጃቫ ደሴት ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሃስካርል ግን በ1842 ለእንዲህ ያሉት ዛፎች ፓፔዳ የሚል የራሱ ስም ያለው አዲስ ወገን አቋቋመ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፓፔዳ የሚለው ስም ዘመድ ሆነው ከቤት ውጭ ለሚቆጠሩት የዱር ዛፎች መጠሪያ ሆነ።

ቢያሶንግ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባው በ1915 ነው። በዚያ ዘመን ፊሊፒንስ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ነበረች። በአገሪቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ፒተር ዌስተር በደሴቶቹ የሚገኙትን የሎሚና የብርቱካን ዘመዶች አጥንቶ በመሥሪያ ቤቱ መጽሔት ላይ ሲያወጣ፣ ቢያሶንግን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ ሲትሩስ ሚክራንታ አለው። ሚክራንታ በግሪክኛ ትንሽ አበባ ያለው ማለት ነው፤ አበባው ሲፈነዳ ስፋቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነውና። ዛፉ ከ7 እስከ 9 ሜትር ይደርሳል፤ ፍሬው ሞላላ፣ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ልጣጩ ወፈር ያለ ነው። ከዚሁ ጋር ዌስተር ሳሙያው የሚባለውን ፍሬው ይበልጥ ያነሰ ዓይነት የቢያሶንግ ንዑስ ዝርያ አድርጎ መዘገበው።

ዌስተር እነዚህን ዛፎች ያገኛቸው እንደ ሴቡና ቦሆል ባሉት የመካከለኛ ፊሊፒንስ ደሴቶች ነው። ሕዝቡም ፈጽሞ የናቃቸው ዛፎች አልነበሩም። ሽቱ የሆነው ፍሬያቸው ለጸጉር መታጠቢያ ያገለግል ነበር፤ ቢያሶንግም እስከ ዛሬ በዚያው አካባቢ ለምግብ ማጣፈጫ ይፈለጋል። ስለዚህ ዛፉ በዱርና በጓሮ መካከል የሚኖር፣ ሰው ሙሉ በሙሉ ያላለመደው ግን የማይተወው ዛፍ ነው ቢባል ይቀላል።

ስዊንግልና ታናካ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሲትሩስን አመዳደብ የመሩት ሁለት ሊቃውንት ናቸው። አንደኛው ከላይ የተጠቀሰው ስዊንግል ሲሆን፣ ሁለተኛው ጃፓናዊው ታናካ ነው። ሁለቱም ዕድሜያቸውን በዚህ ጥናት ቢያሳልፉም የደረሱበት ውጤት እጅግ የተራራቀ ነበር። ስዊንግል በ1943 ባወጣው ጥናት በሲትሩስ ወገን ውስጥ 16 ዝርያዎችን ብቻ ተቀበለ፤ ታናካ ግን ዝርያዎቹን ከ150 በላይ አደረሳቸው። የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ታናካ ገበሬ ለይቶ የሚያውቀውንና መልኩን ሳይለውጥ የሚራባውን ዓይነት ሁሉ ዝርያ ሲል፣ ስዊንግል ከእነዚህ አብዛኞቹ የድቅል ልጆች ወይም የአንድ ዝርያ መልኮች ናቸው የሚል እምነት ነበረው።

ለእኛ ርዕስ ዋናው ነገር ግን ስዊንግል 16ቱን ዝርያዎች በሁለት ክፍል መመደቡ ነው። 10ሩን እውነተኛ ሲትሩስ ሲል፣ 6ቱን ፓፔዳ በሚለው ንዑስ ወገን ሥር አኖራቸው። ሎሚ ከአሥሩ፣ ቢያሶንግ ከስድስቱ ሆነ። በዚህም አኳኋን እናትና ልጅ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው በመካከላቸው አጥር ተሠራ። አጥሩ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአበባው አሠራር፣ የቅጠሉ ክንፍና የጭማቂው መራራ ዘይት ለዓይንና ለምላስ የሚታዩ ማስረጃዎች ነበሩ። ታናካ በበኩሉ ሎሚንና ፓፔዳዎችን በየራሳቸው ክፍል ቢያስቀምጥም ሁለቱንም በአንድ ንዑስ ወገን ውስጥ አኑሯቸዋል። ዝርያዎችን እጅግ አብዝቷል ተብሎ የሚተቸው ሊቅ በዚህ ነጥብ ለእውነቱ ቀርቦ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁንና ሁለቱም በመልክ ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው የሎሚን ወላጆች ለይተው ሊያሳዩ አልቻሉም። ድቅል ከአባቱም ከእናቱም የወሰደው መልክ ስላለው፣ መልክን ብቻ የሚከተል መርማሪ ወደ አንዱ ማዘንበሉ አይቀርም። የሎሚ ጭማቂ ለሰው የሚስማማ በመሆኑ ከሚበሉት ጋር ተቈጠረ፤ የእናቱ ጭማቂ መራራ በመሆኑ ከማይበሉት ጋር ቀረ። ስለዚህ ሳይንስ ነው የምንለው አመዳደብ ሳናውቀው የማዕድን ፍርድ ተከትሎ ነበር።

እናትና ልጅ የተገናኙበት ማስረጃ

በ1976 ሁለቱ አሜሪካውያን ባሬትና ሮድስ ብዙ ምልክቶችን በቁጥር እያነጻጸሩ ባደረጉት ጥናት፣ በሰው ከሚለሙት የሲትሩስ ዓይነቶች መካከል እውነተኛ ዝርያዎች ሦስት ብቻ እንደሆኑ አመለከቱ፤ እነርሱም ትርንጎ፣ መንደሪንና ፖሜሎ ናቸው። ብርቱካኑም ሎሚውም ድቅል ነው ማለታቸው ነበር። ሎሚን በተመለከተ የትርንጎ፣ የፖሜሎና የአንድ አውስትራሊያዊ የዱር ዘመድ ቅይጥ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ይህ ግምት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ሎሚ ድቅል መሆኑ፣ ትርንጎም ወላጁ መሆኑ፣ በዘሩም ውስጥ አንድ የዱር ዛፍ መኖሩ እውነት ነው፤ የዱሩ ዛፍ ግን ከአውስትራሊያ የመጣ አልነበረም።

ነገሩን የቈረጠው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ነው። በ2000 ኢጣሊያውያን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ሎሚ የትርንጎና የቢያሶንግ ልጅ መሆኑን አመለከቱ። በ2016 ከመቶ በላይ የሎሚ ዓይነቶችን የመረመረ ሌላ ጥናት ይህንኑ አጸና። በ2018 ደግሞ የ60 ዓይነት ተክሎች ሙሉ የዘር መረጃ ተነብቦ ሲነጻጸር፣ ቢያሶንግ በሲትሩስ ወገን ውስጥ ከሚቈጠሩት 10 መሠረታውያን የተፈጥሮ ዝርያዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ ሎሚም ከእርሱና ከትርንጎ በቀጥታ የተወለደ የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል መሆኑ ተረጋገጠ።

ከሁለቱ ወላጆች እናቱ የትኛው እንደሆነ እንዴት ታወቀ ቢባል፣ መልሱ በቅጠል ውስጥ ይገኛል። ለቅጠል አረንጓዴ መልኩን የሚሰጡት ጥቃቅን አካላት የራሳቸው የሆነ ዲ ኤን ኤ አላቸው፤ ይህም በሲትሩስ ወገን ለልጅ የሚተላለፈው በእናት በኩል ነው። በሎሚ ቅጠል ውስጥ የተገኘው የቢያሶንግ ስለሆነ እናትነቱ ያለ ጥርጥር ታወቀ። ሞላላው የአውሮፓ ሎሚም ትርንጎ ከኮምጣጣው ብርቱካን የወለደው ድቅል መሆኑ በእነዚሁ ምርመራዎች ተገልጿል። እንግዲህ ሁለቱ ሎሚዎች በአባት የሚገናኙ ወንድማማች ናቸው። ሊኔየስ የአውሮፓውን ሎሚ ከትርንጎ ሥር ማስገባቱ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፤ አባቱን አይቶ እናቱን ሳያይ ቀረ እንጂ።

የአመዳደቡ ክርክር በዚህ አልተዘጋም። ዛሬ ድቅል የሆኑት ስማቸው በድቅል ምልክት ይጻፋል፤ ፓፔዳንም እንደ ተለየ ቤት የሚቈጥር ሊቅ እምብዛም የለም። አንዳንዶቹ ከዚህ አልፈው ቢያሶንግ ራሱን የቻለ ዝርያ ሳይሆን ደ ካንዶል በ1813 የሰየመው የሲትሩስ ሂስትሪክስ አካል ነው ይላሉ። ስሙ ቢለወጥም ግን የሎሚ እናትነቱ አይለወጥም።

ከአንድ ልደት የተገኘ ሎሚ

ድቅል የሆነ ተክል ከዘሩ ሲበቅል ልጆቹ እንደ ወላጆቹ ወላጆች እየተለያዩ መውጣታቸው የተለመደ ነው። ሎሚ ግን እንዲህ አይደለም። ገበሬ የሎሚ ዘር ተክሎ የሚያገኘው ዛፍ ዘሩ የተወሰደበትን ዛፍ ይመስላል። ምክንያቱ በአንድ የሎሚ ዘር ውስጥ ከአንድ በላይ ጽንስ መኖሩ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ያለ አባት ተሳትፎ ከእናቲቱ አካል የሚፈጠሩ በመሆናቸው የእርስዋ ቅጂዎች ናቸው። በዚህ ተፈጥሮው ሎሚ ማጣበቅ ሳያስፈልገው፣ በዘር ብቻ በነጋዴና በመርከበኛ ከረጢት ብዙ አገር ዞረ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የደረቀው ሎሚ ሉሚ ይባላል፤ ቃሉ ከእኛው ጋር ያለው ዝምድና ከድምፁ ያስታውቃል። ከ1493 በኋላ እስጳንያውያን የሲትሩስ ዘሮችን ወደ አሜሪካ ምድር ስላሻገሩ፣ ይኸው ፍሬ ዛሬ በብዙ መጻሕፍት የሜክሲኮ ሎሚ እየተባለ ይጠራል። ስም መነሻን ሳይሆን መድረሻን ብቻ ሊናገር እንደሚችል ይህ አንድ ምስክር ነው።

ለጉዞ የጠቀመው ይህ ተፈጥሮ ለበሽታ ግን አጋልጦታል። እጅግ የተመሳሰሉ ዛፎች አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውን ለመጣል አይቸገርምና። በ1970ዎቹ በዖማን የሎሚን ቅርንጫፎች እንደ መጥረጊያ አቀጫጭቶና አበዛዝቶ ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ታየ፤ በኋላም ወደ ተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶችና ወደ ኢራን ተሻገረ። በሀገራችንም ካንከር የተባለው ቅጠልንና ፍሬን የሚያቈስል በሽታ በሎሚ ላይ መገኘቱ በ2009 በሳይንስ መጽሔት ተገልጿል፤ የተገኘውም ዓይነት በተለይ ሎሚንና የቅርብ ዘመዶቹን የሚያጠቃ ነው።

የእናቲቱ መታወቅ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሎሚ የተገኘው ከትርንጎና ከቢያሶንግ መሆኑ ከታወቀ፣ ልደቱን መድገም ይቻላል። ልዩ ልዩ የትርንጎ ዓይነቶችን ከልዩ ልዩ የቢያሶንግ ዛፎች ጋር አዳቅሎ ሎሚነታቸውን የጠበቁ ግን እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ልጆችን ማግኘት፣ ከእነዚያም በሽታ የሚቋቋመውን መምረጥ ለአዳቃዮች የተከፈተ መንገድ ነው። ለዚህ ግን ሁለቱም ወላጆች በሕይወት መኖር አለባቸው። ፍሬው አይበላም ተብሎ የሚቈረጥ ቢያሶንግ ሁሉ ከዚህ መንገድ ላይ የሚነሣ ድልድይ ነው። በእኛም ጓሮ ትርንጎ ገዥ አጣ ተብሎ ሲነቀል የሚነቀለው የሎሚ አባት መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ለመማርና ለማስተማር

መምህራን የዕፅዋትን አመዳደብ ሲያስተምሩ ተማሪው የላቲን ስሞችን በቃሉ እንዲይዝ ብቻ ቢያደርጉ፣ ስሞቹ ከሰማይ የወረዱና የማይለወጡ ይመስሉታል። የሎሚ ታሪክ ግን ምድብ ማለት በዘመኑ ባለው ማስረጃ የተሰጠ ፍርድ መሆኑን፣ የተሻለ ማስረጃ ሲገኝም ፍርዱ እንደሚታረም ያሳያል።

ይህን ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሎሚ፣ የልምጭና የጤና አዳም ቅጠል ወደ ክፍል አምጥቶ ወደ ብርሃን በማንሣት ነጠብጣቦቹን ማሳየት የቤተሰብን ትርጉም ከማንኛውም ሰሌዳ የበለጠ ያስረዳል። የሎሚና የትርንጎ ቅጠል ጎን ለጎን ቢቀመጥ ደግሞ፣ በሎሚው ቅጠል አንገት ላይ ያለችው ቀጭን ክንፍ በትርንጎው ላይ እንደሌለች ተማሪው ራሱ ያስተውላል። ያች ክንፍ በቢያሶንግ ላይ እጅግ የሰፋችው መሆንዋ ሲነገረው፣ የእናትን መልክ በልጅ ላይ አየ ማለት ነው። የሎሚ ዘሮችም በጣሳ አፈር ተዘርተው ከአንዱ ዘር ሁለትና ሦስት ቡቃያ ሲወጣ ማየት ከላይ የተገለጸውን የቅጂ ልደት በዓይን ያረጋግጣል።

መደምደሚያ

ቢያሶንግ በ1915 ስም አገኘ፤ በ1943 ከሚበሉት ተለይቶ ተመደበ፤ ከ2000 እስከ 2018 በተደረጉት ምርመራዎች የሎሚ እናት ሆኖ ታወቀ። ዛፉ በዚህ ሁሉ ዘመን አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ዓይን ነው። ዌስተር መዝግቦ ባያቈየው፣ ስዊንግልና ታናካ ባይከራከሩበት፣ ባሬትና ሮድስ ድቅልነቱን ባያመለክቱ፣ የኋለኞቹም የዘሩን መረጃ ባያነቡ እውነቱ አይገኝም ነበር። አባቶቻችን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለዕውቀትም ይሠራል። ለአንድ ሊቅ ሸክም የነበረው የሎሚ ትውልድ ጥያቄ ለብዙዎች ሲከፋፈል መልስ አገኘ፤ የቀረው ድርሻ፣ ማለትም ወላጆቹን ጠብቆ ለሚመጣው ትውልድ ማስተላለፍ፣ የሚተክለው ገበሬና የሚያስተምረው መምህር ነው።